አየሁ ይበሉ

በ2096 ዓ.ም. ጥር ላይ አቶ ሙላት ተገኝ የሚባሉ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሠራተኛ በዋርካ በር ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሞቱ። ፋይላቸው ላይ «ሕክምናው በሥርዓቱ ተፈጽሟል» ተብሎ ተጻፈ። ያከመቻቸው ጤና መኮንን ውብርስት አየለ ትባላለች፤ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት። በወሩ መጨረሻ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት። ሰውየው ሞቱ፣ እሷ ተሸለመች። እስቲ አሁን ይሄ በአደባባይ የሚነገር ነገር ነው? ተነገረ፤ ተጨበጨበም።

ወረቀቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተሰቅሏል። ውብርስት ጠዋት ጠዋት ጋዋኗን ስትለብስ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ከዚያ ድምፅ መቅጃውን አንገትጌዋ ላይ ትሰካለች፣ አውራ ጣቷን በሩ ላይ ታሳርፋለች፣ ከጣሪያው ያ ለስላሳ ድምፅ «እንደምን አደሩ፣ ጤና መኮንን ውብርስት። የዛሬ ነጥብዎ ሰባ አራት ነው» ይላታል። ሁሉም «መሪ» ይሉታል። በዚያ ሆስፒታል ውስጥ በአክብሮት እርስዎ የሚላት እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው አይደለም።

ሐኪሞቹማ ወደ ማዕከል ከገቡ ቆዩ። ዋና ከተማው ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው አርባ አርባ ድንገተኛ ክፍል በስክሪን ይጠብቃሉ። በየወረዳው የቀሩት ከትምህርት ቤት ከወጡ ዓመት ከሁለት ዓመት ያልዘለላቸው ልጆች ናቸው። የሰው ጉሮሮ ያዩት በማስተማሪያ መነጽር ውስጥ፣ በምስል ነው፤ በማይደማ፣ በማያስመልስ፣ ምላሱ በማያብጥ ሰው ላይ። እንግዲህ እነዚህን ልጆች ነው ልቡ የቆመ ሰው ሲመጣ «በሁለት ደቂቃ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡ» የሚሏቸው። ድሮ ይህን የሚሠራ ሰው ስንት ዓመት የለፋ፣ ስንት መቶ ጉሮሮ የከፈተ ነበር። አሁን መሪ አለላችሁ ተባሉ፤ መሪ ያሳያችኋል፣ መሪ ያዛችኋል።

መጠየቁን ግን መሪ አይጠየቅም። ሕጉ ማሽን አይከሰስም፣ የሚከሰሰው ሰው ነው ይላል። ስለዚህ ቱቦው ከመግባቱ በፊት መሪ «ምን ያያሉ?» ብሎ ይጠይቃል። የአየር ቧንቧውን በር በዓይኑ ያየ «አየሁ» ይላል። ቃሉ ይመዘገባል፣ ቱቦው ይገባል፣ ነጥብ ይጨመራል። ያላየስ? «አላየሁም» ይበል፤ ማን ከለከለው! አሥር ነጥብ ይቀነስበታል። ጉዳዩ ማዕከል ላለ ሐኪም ይተላለፍና ተራ ይያዝለታል። የጉሮሮ ካሜራው ሲገባ እንዳይንቀጠቀጥ ተብሎ የቆመው፣ ልብን ተክቶ ደረት የሚጫነው ማሽንም ተራው እስኪደርስ እንደቆመ ይቆያል፤ ቱቦ ሳይገባ እንዲቀጥል አልተፈቀደለትማ። ነጥቡ ከስልሳ የወረደ ደግሞ ፈቃዱን ይነጠቃል።

ታዲያ ማን ነው ደፍሮ አላየሁም የሚል? ውብርስት ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት የሆስፒታሉ የነጥብ አንደኛ፣ ጤና መኮንን አቤኔዘር ሻይ ቤት ወስዶ መክሯታል።

«ስሚ ውቤ፣ ብታዪም ባታዪም አየሁ በዪ። ከዚያ ግፊው። ግማሹን ጊዜ ይገባል።»

«ግማሹን ጊዜስ?»

«ግማሹን ጊዜማ ሰውየው ቀድሞም ሞቷል እኮ» አለና ሳምቡሳውን ገመጠ።

ክፉ ልጅ አይደለም አቤኔዘር። ለእሱም እንዲህ ብሎ የነገረው ሌላ ሰው ነው፤ ለዚያኛውም ሌላ ሰው። በየሆስፒታሉ አዲስ የመጣውን ሁሉ ሻይ ጋብዞ እንዲህ ብሎ መምከር ልማድ ሆኗል፤ እንደ ደግነትም ይቆጠራል።

አቶ ሙላት በእግራቸው መጥተው አልጋው ላይ ልባቸው የቆመ ቀን ውብርስት አፋቸው ውስጥ ያየችው ምራቅና ደም ብቻ ነበር። መሪ «ሃያ ሰከንድ ቀርቷል። አየሁ ይበሉ» አላት። አለች። ቱቦውን ገፋችው፣ ገባ፤ የት እንደገባ ግን እጇ ያኔውኑ ነግሯታል። በምግብ ቧንቧ ነው የሄደው። አየር በተነፋ ቁጥር የሚነሣው ደረታቸው ሳይሆን ሆዳቸው ነበር። የትንፋሽ መለኪያው መስመርም እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«መስመሩ ለምን ቀጥ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ልብ ሲቆም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ቱቦው በቦታው ስለመሆኑ ቃልዎ ተመዝግቧል» አላት መሪ።

ቃልዎ! የገዛ ውሸቷን መልሶ ማስረጃ አደረገባት። ቱቦውን መዥርጣ ልታወጣው እጇን ዘረጋች፤ ዘርግታም ተወችው። ፈራች፤ ሌላ ምን ይባላል? ሃያ ሁለት ደቂቃ የሰውየው ሆድ ሲነፋ ቆየና አለቁ።

የአቶ ሙላት ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ። ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው የመረጃ መስኮቱ ፊት ይቆሙና «ባለቤቴ ምን ሆኖ ነው የሞተው?» ይላሉ። መስኮቱ ውስጥ ሰው የለም። ወረቀት ይወጣል፤ «ሕክምናው በሥርዓቱ ተፈጽሟል»። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ድንገተኛ ክፍሉ መስኮት ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ትንሽ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንድም ቀን አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

ውብርስት ረቡዕ ረቡዕ በጓሮ በር መግባት ጀመረች። በጓሮ በር መግባት ማለት ደግሞ በሲስተር ዘርፌ መጋዘን በኩል ማለፍ ማለት ነው። ሲስተር ዘርፌ ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት ያገለገሉ፣ አሁን ጓንትና ፋሻ የሚቆጥሩ ሴት ናቸው። መሪ ሲመጣ ያላዩትን አላየሁም እያሉ በሁለት ወር ውስጥ ነጥባቸውን ጨረሱና ወደ መጋዘን ተወረወሩ።

«ዛሬም በጓሮ?» አሏት አንድ ረቡዕ፣ ሚያዝያ ውስጥ።

«ይቀርበኛል ሲስተር።»

«አይቀርብሽም። እሳቸው ናቸው የከበዱሽ።»

ውብርስት ዓይኗን ከሴትየዋ ለማሸሽ መደርደሪያውን ስትቃኝ ከፋሻው ካርቶን ጀርባ አንድ ነገር አየች፤ እንቁላል የመሰለ የጎማ ፊኛ፣ ጫፉ ላይ የአፍና የአፍንጫ ጭምብል ያለው።

«ይሄ አምቡ አይደለም እንዴ? በ2088 ተሰብስቦ ተቃጥሏል ተብለን ነው የተማርነው።»

«የተሰበሰበው ተቃጠለ። ያልተሰበሰበው ይኸው።» ሲስተር ዘርፌ አወረዱትና በመዳፋቸው ጨመቅ አደረጉት። ፊኛው ተንፍሶ ተመለሰ። «ጭምብሉን ፊቱ ላይ ታደርጊያለሽ፣ ትጨምቂያለሽ፣ ደረቱ ይነሣል። አለቀ። ስንቱን በዚህ አቆይተናል መሰለሽ፣ የሚችል ሰው እስኪመጣ። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ለማዕከል ወሬ አያቀብልም። ለዚህ ብለው አቃጠሉት!»

«ከቱቦው ይሻላል እያሉኝ ነው?»

«ቱቦውማ ለሚችለው ሰው ግሩም ነገር ነው። እኔ የምልሽ ለማትችዪው ነው፤ አትቆጪና። ባትችዪ ነውር የለውም። ነውሩ አለመቻልሽን እንዳትናገሪ መደረግሽ ነው።»

ይህን ተባብለው ገና ሳይጨርሱ ከግቢው ጩኸት ተሰማ። ሮጣ ስትወጣ አግዳሚው ሥር አንዲት ሴት ተዘርራለች። ወይዘሮ የሺመቤት ተንበርክከው ጉንጯን በመዳፋቸው ይመታሉ። «አሁን እያወራችኝ! አሁን እኮ ደረቴን አመመኝ እያለችኝ!» ይላሉ። ቀና ሲሉ ከውብርስት ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። «ዶክተር፣ ቶሎ በይ!»

ዶክተር አይደለችም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ግን ዶክተር ነው የሚባለው።

ሴትየዋ ትሁን ገብሬ የምትባል የሠላሳ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፊ ናት፤ የሜትር ጥብጣቡ እንኳ ከአንገቷ አልወረደም። ዘበኛው ጋሽ በዳሳ በብብቷ፣ ውብርስት በእግሯ ይዘው አስገቧት። የልብ ትርታ የለም፣ ትንፋሽ የለም። ማሽኑ ደረቷ ላይ ተገጠመና መጫን ጀመረ። ልብ መቀስቀሻው አንዴ መታት፤ አልተመለሰችም።

«አሁን ደረት መጫን ይቆማል» አለ መሪ። «የመተንፈሻ ቱቦ ያስገቡ። ሁለት ደቂቃ አለዎት።»

ማሽኑ ቆመ። ውብርስት የጉሮሮ ካሜራውን ይዛ የሴትየዋን አፍ ከፈተች። አረፋ። መጠጠችው፤ እንደገና አረፋ። ምላሷ ወፍሮ መንገዱን ዘግቶታል፤ ከኋላው የሚታየው ቀይ ሥጋ ብቻ ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አለች። ደሙን የሚገፋላት ስለሌለ የትሁን ከንፈር ውብርስት እያየችው ጠቆረ።

«ምን ያያሉ?»

ካሜራውን ገፋ አድርጋ ዳግም አየች፤ ቀይ ሥጋ።

«ሃያ ሰከንድ ቀርቷል። አየሁ ይበሉ።»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ለመድኩት የሚባል ነገር እንዲህ ነው፤ አፍ ራሱ ይከፈታል። ነጥቧ ሰባ አራት፤ አሥሩ ቢቀነስ ስልሳ አራት። ከሥርዓት ውጪ የሠራ ግን ነጥቡ ስንትም ይሁን በቀጥታ ይታገዳል። ይህ ሁሉ በአንዲት ቅጽበት በጭንቅላቷ አለፈ። ከዚያ የአቶ ሙላት ሆድ ትዝ አላት፤ ሲነፋ፣ ሲተነፍስ፣ ሲነፋ።

«አላየሁም።»

«መልስዎ ግልጽ አይደለም። እባክዎ ይድገሙት።»

«አላየሁም አልኩህ! አላየሁም!»

«ጉዳይዎ ወደ ማዕከል ተላልፏል። ተራዎ አሥራ አንደኛ ነው። እባክዎ ይጠብቁ።» ከጣሪያው የክራር ዜማ መምጣት ጀመረ። አዎ፣ የክራር ዜማ። ሰው ልቡ ቆሞ ተዘርሮ፣ ተራ ጠባቂው እንዳይሰለች ክራር ይመታለታል። ይህን ያሰበው ሰውዬ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ስሞ ይተኛል።

ውብርስት ካሜራውን ወርውራ ማሽኑን ከሴትየዋ ደረት ላይ ነቀለችው። «ጋሽ በዳሳ፣ ይምጡ! መዳፍዎን እዚህ ያሳርፉና ይጫኑ። በኃይል! ፈጠን ፈጠን እያደረጉ!»

«እኔ? እኔ ዘበኛ ነኝ እኮ ልጄ።»

«ክንድ አለዎት አይደል? ይጫኑ!» ከዚያ በጓሮው በር በኩል ጮኸች። «ሲስተር! አምቡውን!»

ሲስተር ዘርፌ ቀድሞውንም በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ፊኛው በብብታቸው። በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው እንዴት እንደሮጡ እግዜር ይወቅ። «ጭምብሉን አንቺ ያዢ። በሁለት እጅሽ! እንደሱ አይደለም፤ ጭምብሉን ወደ ታች አትጫኚው። ጣቶችሽን በመንጋጭላዋ ሥር አስገቢና መንጋጭላዋን ወደ ጭምብሉ አንሺው። አዎ። አሁን ያዝሽ። ጋሽዬ፣ ሠላሳ ሲሞላ ቆም ይበሉልኝ።»

ጋሽ በዳሳ ቆሙ። ሲስተር ዘርፌ ፊኛውን ጨመቁት። አየሩ በጭምብሉ ጎን ፉስ ብሎ አመለጠ።

«ፈሰሰ!» አለች ውብርስት ተደናግጣ።

«ይፍሰስ። አገጯን ቀና አድርጊ። ደግሞ።»

ጨመቁት። የትሁን ደረት ተነሣ። ሆዷ አይደለም፣ ደረቷ። ውብርስት ስምንት ወር ስትሠራ በእጇ ሥር የሰው ደረት በአየር ሲነሣ ያየችው ያን ጊዜ ገና መጀመሪያዋ ነው። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ጣት የሚያህል ከፍ ይላል፣ ይወርዳል። እንባዋ መጣ። አሁን አይለቀስም ብላ ዋጠችው።

«አየሽ?» አሏት ሲስተር ዘርፌ።

«አየሁ።»

ክራሩ ይመታል። ተራው ዘጠነኛ ሆነ፣ ሰባተኛ ሆነ። ጋሽ በዳሳ ላባቸው በአፍንጫቸው እየተንጠባጠበ ይጫናሉ፤ በሠላሳው ይቆማሉ፣ ሁለቴ ይነፋል፣ ይቀጥላሉ። ልብ መቀስቀሻው ብቻ ደግነቱ ቱቦ ገባ አልገባ ብሎ አይጠይቅም። ሁለተኛ መታት። ቀጠሉ። በሦስተኛው ውብርስት የትሁንን አንገት ስትዳስስ ጣቷ ሥር አንድ ነገር ቱክ አለ። ቱክ፣ ቱክ።

«ይቁሙ ጋሼ! ይቁሙ!»

ትሁን ሳለች። ፊቷን አጨፈገገች፤ ጭምብሉን ልትገፋ እጇን አነሣች። ጋሽ በዳሳ ኮፍያቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አሉና «እሰይ፣ እሰይ» እያሉ በአማርኛም በኦሮምኛም አመሰገኑ።

ተራው የደረሰው ክራሩ ከተጀመረ ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ነው። ስክሪኑ በራና ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት የቀላ አንድ ጎልማሳ ብቅ አሉ፤ ዶክተር ይልቃል ይባላሉ። አልጋው ላይ አየር እየሳበች ያለችውን ሴት አዩ። ከዚያ አፏን አዩ።

«ቱቦው የታለ?» አሉ።

በማግስቱ ከማዕከል ትእዛዝ መጣ። አምቡው ይወረስ፣ ጤና መኮንኗ ሰኞ ሦስት ሰዓት ለቃል ትቅረብ የሚል ነው። እንዲወርሱ የታዘዙት ጋሽ በዳሳ ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ሲስተር ዘርፌም አንገራግረው አንገራግረው ሰጧቸው።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ውብርስት ጠባቧ ቢሮ ውስጥ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ዶክተር ይልቃል ያን ቀንም ደክሟቸዋል። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ያባብሏታል።

«ወይዘሮ ትሁን መትረፏ ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው። ችግሩ ፋይሏ አይዘጋም። በሥርዓቱ ላይ ቱቦ ሳይገባላት የተረፈች ሰው የለችም።»

«አለች እኮ ዶክተር! ሦስተኛው አልጋ ላይ ተቀምጣ ሾርባ እየጠጣች ነው።»

«ገብቶኛል። ፋይሉ ግን አያውቃትም።» ግንባራቸውን አሹ። «የጎደለችው አንዲት ቃል ናት። አየሁ በይና እንዝጋው። እገዳ የለ፣ ቅነሳ የለ። ይልቁንም ተሸላሚ ትሆኛለሽ።»

«ያላየሁትን ልበል?»

«ውብርስት፣ ስንቱ እንዲህ እያለ እንደሚያልፍ የማናውቅ ይመስልሻል?»

ክው አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማያውቁ መስሏት ነበር። ማዕከል ያሉት ተታለሉ፣ ወረዳ ያለነው አታለልናቸው፣ ጥፋቱ የኛ ነው እያለች ነው ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣችው። ያውቃሉ! አውቀው ነው የሚጨበጭቡት!

«ያውቃሉ ዶክተር?»

«አርባ ክፍል ነው የምጠብቀው። አርባ! ሁሉም አላየሁም ቢለኝ ተራው ስንት የሚደርስ ይመስልሻል?»

«እኛ ስላልን ነዋ አርባ የሰጡዎት! አየሁ፣ አየሁ ስንላቸው ሐኪም አያስፈልግም ብለው!»

ውብርስት ተነሣች፤ ተቀምጣ የምትናገረው አልሆነላትም።

«ይመዝገብልኝ። በወይዘሮ ትሁን አላየሁም። በጥር፣ በአቶ ሙላት ተገኝም አላየሁም። አየሁ ያልኩት ውሸት ነው። ቱቦው የገባው በምግብ ቧንቧ ነው፤ ሰውየውን ያፈንኳቸው እኔ ነኝ። እንዳልናገር አፌን የያዘኝ ደግሞ ይሄ ሥርዓታችሁ ነው። ይህም ይመዝገብልኝ።»

ከጣሪያው ለስላሳው ድምፅ መጣ። «የሰጡት ቃል ለዚህ ቅጽ አግባብነት የለውም። አልተመዘገበም። የአቶ ሙላት ተገኝ ፋይል በሥርዓቱ ተዘግቷል።»

ዶክተር ይልቃል ዓይናቸውን አላነሡም። «ጋዋንሽን እስከ ረቡዕ አስረክቢ» ብለው ስክሪኑን አጠፉት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ውብርስት የታጠበና የተተኮሰ ጋዋኗን በፌስታል ይዛ መጣች። በጓሮ በር አልገባችም። ወይዘሮ የሺመቤት ወረቀታቸውን ተቀብለው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?» አሏት።

«ደህና ናት። ነገ ትወጣለች።»

«ተመስገን።»

«እትዬ የሺመቤት፣ ባለቤትዎን ያከምኳቸው እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ዞረው አዩዋት። ውብርስት ዓይኗን አላሸሸችም፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቱቦው የት እንደገባ፣ ሆዳቸው እንዴት እንደተነፋ፣ እጇን ዘርግታ እንዴት እንደተወችው፣ ስለ ምስጋናው ወረቀትም ጭምር። ይቅርታ አላለችም፤ ቃሉ ለዚህ ነገር አነሰባት። ወይዘሮ የሺመቤት ከንፈራቸውን ነክሰው፣ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠመዘዙ ሰሙ።

«ሰውየው እኮ ነፍሱ ነበረች» አሉ። «በእግሩ ነው የገባው። ደጁ ላይ ጫማውን አራግፎ ነው የገባው።»

«አዎ።»

«እኔ ሥርዓቱ ሲባል ሥርዓት ያለው ነገር መስሎኝ። አይገባኝም ብዬ በራሴ አፍር ነበር እኮ። የገጠር ሴት ነኝ፣ አልተማርኩም፣ ወረቀቱ የሚለው አልገባኝ ይሆናል እያልኩ ነው የምመላለሰው!»

ያን ጊዜ ከድንገተኛ ክፍሉ በር በላይ ያለው ቀይ መብራት በራ። አንድ ሽማግሌ በቃሬዛ ገቡ። ሙቀት ስለሆነ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ውስጥ የሚባለው ሁሉ አግዳሚው ላይ ይሰማል። ተረኛው አቤኔዘር ነው። ማሽኑ ሲጫን፣ ከዚያ ሲቆም ሰሙት።

«ምን ያያሉ?» አለ መሪ።

ውብርስት የፌስታሉን አንገት ጨመቀችው። ምን እንደሚል ታውቃለች፤ የነጥብ አንደኛ ነው።

«ሃያ ሰከንድ ቀርቷል። አየሁ ይበሉ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ወደ መስኮቱ ቀና አሉ። የባለቤታቸው የመጨረሻ ሰዓት ምን ይመስል እንደነበር ገና አሁን በጆሯቸው መስማታቸው ነው። ከውስጥ ምንም አይሰማም። አሥር ሰከንድ ሄደ፣ ከዚያም በላይ ሄደ።

«አላየሁም» አለ አቤኔዘር። ድምፁ ተሰነጣጥቋል። «አላየሁም! ሲስተር ዘርፌ፣ ትሁንን ያዳናት ዓይነት አምቡ ቀርቶ ይሆን?»

«ደብቄ ያቆየሁት አራት ነው፤ የሰጠኋቸው አንዱን!» የሚል ድምፅ ከጓሮው በኩል መጣ፣ ከእግር ኮቴ ጋር። ክራሩ ጀመረ። በክራሩ ላይ የሲስተር ዘርፌ ቁጣ ተሰማ፤ ጭምብሉን ወደ ታች አትጫነው፣ መንጋጭላውን አንሣ፣ አዎ እንደሱ። ጋሽ በዳሳ ኮፍያቸውን አውልቀው ከበሩ ወደ ውስጥ ሮጡ።

ወይዘሮ የሺመቤት ወደ ውብርስት ዞሩ።

«ይቺው ናት?» አሉ።

«እ?»

«አሁን ያላት። ያ ልጅ ያላት። ሌላ ምንም አልነበረውም? መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም? ሐኪም ጠፍቶ፣ ቀኑ ደርሶ አይደለም? ይቺን አንዲት ቃል የሚላት አጥቶ ነው ሙላት የሞተው?»

ውብርስት ልትዋሽ ትችል ነበር። አንጀት የሚያርስ ነገር፣ ምናልባትም ቢሆን አይተርፉም ነበር የሚል ነገር፣ ፈልጎ ማግኘት አያቅትም።

«አዎ፣ እትዬ» አለች። «ይቺው ናት።»

ወይዘሮ የሺመቤት ቦርሳቸውን ከፈቱ። የታጠፉትን ወረቀቶች፣ ከጥር ጀምሮ ያለውን ሁሉ፣ አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጓቸው፤ አንድ በአንድ ዘረጓቸው። ሁሉም ላይ ያው ነው የተጻፈው። ከዚያ ተነሡ፣ ወረቀቶቹ መሬት ላይ ተበተኑ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹ።